የቡሬው የግዢ ዋጋ

ፎገራ ላይ የገዛውን ከብት ዋጋ በትክክል የሚናገር ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ መነኩሴ ነው ወይ ከብት ገዝቶ አያውቅም። በእኛ አገር ሰው ሲገዛ ያራክሳል፣ ሲሸጥ ያስወድዳል። በስልሳ ብር የገዛው «በሠላሳ አምስት ነው የወሰድኩት» ይላል፤ በሰማንያ የሸጠው ደግሞ መቶ ሃያ ቆጥረው እንደሰጡት ይምላል። ውድ የገዛ ሞኝ ነው፣ ርካሽ የሸጠ ከሞኝም ሞኝ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ገንዘብ አወጣሁበት የተባለ ከብት ዓይን ይበላዋል። እንግዲህ በአፍ ከሆነ ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ወንዝ ያለው ገበሬ ሁሉ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። እቤቱ ስትገቡ ግን የምታገኙት የጓያ ሽሮ ነው።

ይህን ውሸት ነው ብሎ የሚቆጥር አልነበረም። ወግ ነው። ተርቦ የመጣ እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል ዋሸ አይባልም፤ ይህም እንደዚያ ነበር። አማቼ፣ ማለት የባሌ አባት፣ ይህን ወግ እንደ ቅኔ ያሳምሩት ነበር። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ማዶ የሚሰማ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከወረታ ዝቅ ብሎ ወደ ሐይቁ በኩል ባለው ግቢያቸው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ካገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘመኑ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ሊገባ አካባቢ ይሆናል፤ ዓመቱን በትክክል ንገሪን ብትሉኝ አልችልም።

የቤታችን ጉዳት አንድ ነበር፤ በሬ። የአማቼን ጥማድ «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ጨርሶታል። ለእንዲህ ያለ መቅሰፍት ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። የቀረን አባቴ በሠርጌ የሰጠኝ አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ግማሽ ገበሬ ነው፤ ከሌላ ግማሽ ጋር መቀናጆ ገብቶ፣ ዛሬ ለእሱ ነገ ለጎረቤቱ እያለ ያርሳል። ባሌም እንደዚያ ነበር የሚያርሰው። ያ ጎረቤታችን ግን ሁለተኛ በሬ ገዛና ከመቀናጆው ወጣ። አልፈርድበትም፤ እኛም ብናገኝ እንወጣ ነበር።

ያን ጊዜ በሬ ያጣ ጎልማሳ መሄጃው ሁመራ ነው። የሰሊጥ አረምና አጨዳ አለ፣ ጥሩ ብር ይከፈላል ይባል ነበር። ከሄዱት አንዳንዱ ዣንጥላና ባለመስመር ጃኬት ገዝቶ ይመለሳል። አንዳንዱ ወባ ይዞ ይመለሳል። አንዳንዱ አይመለስም። ባሌ «አንድ ዓመት ብቻ ሄጄ የበሬ ዋጋ ይዤ ልምጣ» ማለት ከጀመረ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። አፍ አውጥቼ አልለመንኩትም፤ የእኛ አገር ሴት ባሏን አትሂድብኝ ብላ አትለምንም፣ ታኮርፋለች። እኔም አኮረፍኩ።

አማቼ ግን አላኮረፉም፤ ጮኹ እንጂ።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ! ለሰሊጥ ነው ያሳደግሁህ? ቁጭ በል አልኩህ፣ በሬውን እኔ አመጣዋለሁ።»

ከጎተራ የቀረውን ኑግ ሁሉ ሸጡና ሰባ ብር ይዘው ይፋግ ገበያ ወረዱ። ሰባ ብር ለቀንበር የደረሰ በሬ አይገዛም። ይዘው የመጡት ጥርሱ ያለቀ፣ ለእርሻ የማይሆን፣ አጥንቱ ግን ሰፊ የሆነ ጥቁርና ነጭ ቡሬ ነበር። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ ቡሬውን አድልበን ለፋሲካ ሰንጋ አድርገን እንሸጣለን፣ በሽያጩ ከክረምት በፊት የሚያርስ በሬ እንገዛለን፣ ልጃቸው ከቤቱ አይወጣም። ይህ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ሀብት አልተመኘንም።

ቡሬውን ያደለብኩት እኔ ነኝ። ከረግረጉ ሣር አጭጄ፣ አተላ ከጎረቤት ለምኜ፣ ፋጉሎ ቀጥቅጬ፣ ጨው አልሼ። ጀርባዬ እስኪነቀል ሠርቻለሁ። በየጠዋቱ ጎድኑን እየዳሰስኩ ሥጋ ጨምሮ እንደሆነ አያለሁ፤ በጨመረ ቁጥር ባሌ ከቤት የማይወጣልኝ ይመስለኝ ነበር።

የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ተረኛ በሆነበት ቀን፣ ጠላ እያዞርኩ ሳለ አማቼ ስለ ቡሬው ሲያወሩ ሰማሁ። የነፍስ አባታችን ቄሱም ጎረቤቶቹም ተቀምጠዋል።

«ሰውዬው ሃምሳ አለ። እኔ ዘወር አልኩና ሄድኩ። ጠራኝ። አርባ ጣልኩለት። ‹ወሰድከኝ እኮ!› ብሎ ሊያለቅስ!»

ሁሉም ሳቁ። ቄሱም ሳቁ። እኔም ከኋላ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሰባውን ብር በመቀነታቸው የቋጠርኩላቸው እኔው ነኝ። እንዴት እንዳወሩት ስላማረኝ ነው የሳቅሁት።

አዋጁ የተሰማው የቡሬው ጎን መሙላት ሲጀምር ነው። ከእርሻና ከከብት ከሚገኝ ትርፍ ላይ ግብር ይከፈላል ተባለ። የመሬቱ ግብር አለ፣ አሥራቱ አለ፣ አሁን ደግሞ ትርፍ። በማግሥቱ የፎገራ ምላስ ተገለበጠ። ትናንት ሲገዛ ያራክስ የነበረው ሁሉ ያስወድድ ጀመር። «በመቶ ገዝቼ በሰማንያ ሸጥኩ» የሚል ሰው በየመንገዱ ሞላ። በአንድ ሳምንት አገሩ በሙሉ ከሰረ። ቢያስቅም፣ ያልሳቅነው ሰዎች ነበርን፤ አማቼ አርባውን ከአዋጁ በፊት ተናግረውታል፣ ያውም በቤታቸው፣ ያውም ካህን ባለበት።

ስለ አዋጁ የሚያስረዳ ሹም ወረታ መጣና ሕዝቡ በከብት ገበያው ሾላ ሥር ተሰበሰበ። እኔ ቅቤ ልሸጥ ሄጄ ስለነበር የቅቤ ቅሌን ታቅፌ ከሴቶቹ ጋር አዳመጥኩ። ሹሙ ወጣት ነው፤ ጫማው በጭቃ ተለውሶ በቅጠል እየጠረገው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የምረግመው አገኝ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ቀልደኛ ገበሬ ነው።

«ጌታዬ፣ በሬው እቤቴ እንደታሰረ ቢወፍርስ? ሳልሸጠው ትርፍ ነው ትላላችሁ?»

«ካልሸጥከው አትጠየቅም።»

«እሰይ! እንግዲያ አልሸጥም።»

«ካልሸጥክ ምን ትበላለህ?» አለው ሹሙ፤ ሁሉም ሳቀ፣ ሹሙም ሳቀ።

ሌላው ተነሣ። ከአባቱ የወረሳትን ላም ሊሸጥ ነው፤ እሷን በስንት ገዛሁ ልበል አለ። ሹሙ ጥቂት አሰበና «አባትህ በሞቱበት ቀን ታወጣ የነበረው ዋጋ ነው የሚያዘው» አለው። ሰውዬው ግራ ተጋባ። «አባቴ የሞተ ዕለት ላም የገመተ ሰው የለም ጌታዬ፣ ሁላችንም እያለቀስን ነበር» አለ። ይህን ሲል ማንም አልሳቀም። አንዱ ደግሞ አምና ሁለት ጊደር ሞቶብኛል፣ የዘንድሮው ትርፍ ለዚያ መካሻ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። «አምና አልፏል» ተባለ። ከጠያቂው አጠገብ የጥጃ ገመድ ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ አምና ለማን እንዳለፈለት ሲያጉረመርም ሰማሁት።

የቀለቡ ነገር ተነሣ። በሬ በነፋስ አይወፍርም፤ የሚበላው ከትርፉ ላይ ይነሣል ወይ? ሹሙ ደስ አለው፤ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ይነሣል፣ ደረሰኝ ካለ። ሣር በደረሰኝ! አተላ የሰጠችኝ ጎረቤቴ ደረሰኝ ልትቆርጥልኝ ነው? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጉልበቴስ፣ ጀርባዬስ፣ እሱ ከየቱ ላይ ይነሣል ልል። ነገር ግን በዚያ ሸንጎ ሴት አትናገርም፤ ቅቤዬን ሸፈን አደረግሁ። ዛሬም ድረስ ያን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም።

አማቼ በመጨረሻ ተነሡ። ሁሌ ጮኸው የሚናገሩት ሰውዬ ያን ዕለት ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«በሬ በበሬ ብለውጥስ ልጄ? ብር አይነካኝ። ሰንጋ ሰጥቼ የሚያርስ በሬ ብቀበልስ?»

«አባቴ፣ ልውውጥም ሽያጭ ነው። የተቀበሉት በሬ ዋጋ ይታያል።»

«እንዲያ ነው... የገዛሁበትንስ በምን ላስረዳ?»

«በሁለት ጎረቤት ምስክር። አብሮ የሚኖር ሰው ያውቃል።»

ጎረቤት የሚያውቀው ምን እንደሆነ ከሹሙ በቀር ሁሉም ያውቃል። አማቼ ቁጭ ሲሉ እጃቸው መሬቱን ሲፈልግ አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ «ቄሱን እንለምናቸው፣ ሰባ ነው ይበሉልን» አለ። አማቼ አላስጨረሱትም። ካህን በሐሰት አላስመሰክርም አሉ። እኔ ውስጤ ነደደ። ሐሰቱ አርባው አይደለም እንዴ? ሰባውማ እውነት ነው! ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እሳቸው የሰሙት አርባ ነው። ለእሳቸው እውነቱ እሱ ነው» አሉኝ።

ያም ሆኖ ባሌ ሄዶ ቄሱን ለመነ። ቄሱም እያዘኑ «የሰማሁትን ነው እግዚአብሔር የሚጠይቀኝ፤ ያልሰማሁትን ከየት አመጣለሁ?» አሉት። ሰው በእውነተኞች ተከቦ እንዲህ ይጠፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በሆሳዕና ሰሞን ቡሬው ተሸጠ። ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ጀርባውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ መቶ አሥራ አምስት ብር ሰጠ፤ ገበያው ሁሉ እያየ። በአገራችን ወግ ቢሆን መቶ ሃምሳ ይባል የነበረ ዋጋ ነው። የሚያርስ በሬ በዚያ ሰሞን መቶ ግድም ነበር፤ ግብሩ በእውነተኛው ትርፍ ላይ ቢሆን ተከፍሎም ይበቃን ነበር። ይህን ሁላችንም አስልተን ጨርሰናል። በገበያው በር ሹሙ ከመንደራችን ጭቃ ሹም ጋር ተቀምጦ ይጠይቃል።

«በስንት ገዙት?»

«በሰባ።»

ጭቃ ሹሙ ለምስክርነት ወደተጠሩት ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው «አርባ እንደሆነ ነግረውናል» አሉ፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ጎረቤታችንም አርባ አለ። አማቼ ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ቀላል አይደለም። በገበያ መሐል፣ ዕድሜ ልካቸውን በሚያውቃቸው ሰው ፊት «ዋሽቼ ነው» አሉ። በሰባ ገዝቼ አርባ ብያለሁ፣ ወጉ ነው፣ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ። ሁላችሁም ሲሉ ሁሉም ፊቱን አዞረ። ትናንት አብሯቸው የሳቀው ሁሉ ወግ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ መሰለ።

ሹሙም በእርጋታ «ለጎረቤትዎ የዋሹ ለመንግሥት አይዋሹም ብዬ በምን ልመን?» አላቸው። ጥያቄው ስድብ አልነበረም። ትንሽ አዘነላቸው መሰል፣ የሸጠልዎትን ሰው እስከሚመጣው ገበያ ያምጡ፣ እሱ ሰባ ካለ ሰባ ብዬ እይዛለሁ አለ።

ተስፋ ማለት እንግዲህ ይህ ነበር። በማግሥቱ ሦስታችንም ይፋግ ሄድን። እኔ የተከተልኩት ስንቅ ለመያዝ ነው ተብሎ ነው፤ እውነቱ ግን ሴት ከለመነች የሰውዬው ልብ ይራራ ይሆናል ብለን ነው። ርብን ስንሻገር ባሌ እጄን ያዘኝ። አባቱ ፊት ይዞኝ አያውቅም ነበር፤ አማቼ አይተው እንዳላዩ ቀደም ቀደም አሉ።

ሰውዬው ሽምብራውን ሲወቃ አገኘነው። ወዲያው አወቀን፣ ጠላ አስመጣልን፣ ቡሬው እንዴት ሆነ ብሎ እንደ ዘመድ ጠየቀ። አማቼ ነገሩን አስረዱት። ሰውዬው መንሹን አስቀመጠና ፊቱ ተለወጠ።

«አርባ ነው የሸጥኩልዎት» አለ።

«ኧረ ወንድሜ! ሰባ አይደል የቆጠርኩልህ፣ እዚያው የገበያው ጥድ ሥር?»

«አርባ ነው። ለአገሬ ሰው አርባ ብያለሁ። አዋጁ ሳይመጣ ዘጠና ብዬ ነበር፣ አዋጁ ሲመጣ አርባ አልኩ። አሁን ሰባ ብል ማን ይለቀኛል?»

ባሌ ትንሽ ተቆጣ። የአንተ ትርፍ ምን ያህል ቢሆን ነው፣ ያንኑ የምትከፍለውን እኛ እንከፍልልሃለን አለው። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ፤ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«የኔ ትርፍ? ቡሬው እኮ እዚህ ግቢ ተወልዶ ያደገ ነው! አልገዛሁትም። ሹማችንን ጠይቄዋለሁ፣ በስንት ገዛሁት ልበል ብዬ። ያልገዛኸው ከሆነ ያገኘኸው በሙሉ ትርፍ ነው አለኝ። እናንተ ሰባ ባላችሁ ቁጥር ሰባውም የኔ ትርፍ ነው። ያቺ ገንዘብ አልቃለች፣ ለልጄ ክርስትና ወጥታለች። ከየት አምጥቼ ልክፈል? እናንተስ ብትከፍሉልኝ ከበሬአችሁ ዋጋ አይደል የሚጎድለው?»

እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። አነሣኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሰውዬው ጨካኝ አልነበረም። እህቴ፣ ይቅር በዪኝ አለኝ። ስንቃችን እንዳያንስ ብሎ ሽምብራ በአቁማዳ ሰፈረልን። ሽምብራውን ስንመለስ በርብ ዳር ደፋሁት። ለምን እንደደፋሁት አልጠየቁኝም።

በቀጣዩ ገበያ በአርባ ተያዘ። ባልነበረ ትርፍ ላይ ግብር፣ በዚያ ላይ ዋጋ በማሳሳት መቀጫ ተከፈለ። የቀረን ሰማንያ አምስት ብር ነው። የሚያርስ በሬ ደግሞ ክረምት በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። አማቼ ከገበያ ገበያ ተንከራተው በመጨረሻ ሐሙሲት ገበያ ላይ ያልተገራ ወይፈን ገዝተው መጡ። ጥሩ ወይፈን ነበር፤ ግን አንገቱ ቀንበር አያውቅም። የዘንድሮውን ክረምት አያርስም፣ የከርሞውን እንጂ።

ማታ ምድጃው ዳር ቁጭ ብለን ባሌ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረ። መሬቱን ዘንድሮ ለእኩል አራሽ እንስጠው፣ ወይፈኑ እስኪገራ እኔ ሁመራ ደርሼ ልምጣ፣ ስመለስ ጥማዱ ሙሉ ነው አለ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ስህተት ላገኝበት ብዙ ፈለግሁ፤ አጣሁ። አማቼም አልጮኹም። ቢጮኹ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ! የሚጮኹበት አንደበት በዚያ ገበያ በር ላይ ቀርቶ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ወረታ መንገድ መገንጠያው ላይ ከሌሎች ጎልማሶች ጋር በጭነት መኪና ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖ «ወይፈኑን አታጣድፉት፣ ቀስ እያላችሁ አስለምዱት» አለ። ስለ እኔ ምንም አላለም፤ ሰው ይሰማል። እኔም «እሺ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ነገር መናገር እችል ነበር። መኪናው ወደ ጎንደር ሲዞር ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም፤ ብዙ ሰው ስለነበረ ግን በመጨረሻ የቱ እሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

መስከረም ሲጠባ አማቼ ወይፈኑን ከአባቴ በሬ ጋር ጠምደው መግራት ጀመሩ። እኔ ከፊት ገመዱን እይዛለሁ፣ እሳቸው እርፉን ይይዛሉ። ወይፈኑ መጀመሪያ ተኛ፣ ቀጥሎ ቀንበር ሰበረ፣ ቀጥሎ ጎተተን። አማቼ እየወደቁ እየተነሡ ነው የገሩት። እልህ ይዟቸው ነበር፤ ልጄ ሲመጣ ጥማዱ ቆሞ ይጠብቀው ይላሉ። ኅዳር ላይ ወይፈኑ ቀጥ ብሎ መሄድ ለመደ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ ሲዘፍኑ ሰማኋቸው፤ የበሬ ዘፈን፣ ድምፃቸው ማዶ ይሰማል።

ከሁመራ የተመለሱት ሰዎች የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ሦስት ነበሩ። ወደ ማሳው በቀጥታ አልመጡም፤ መጀመሪያ ቄሱ ቤት ገቡ። ቄሱ ከጎረቤቶች ጋር በእርሻው ዳር ብቅ ሲሉ፣ ነጠላቸውን እንዴት እንደለበሱ አይቼ ገመዱን ለቀቅሁት። ወባ ነው አሉ። አጨዳው ሳያልቅ ነው፤ እዚያው ቀብረውታል። ጋቢውን አምጥተውልኛል፣ ታጥቦ። ማን እንዳጠበው አልጠየቅሁም፤ ጠረኑን ስላወጡት ግን ያን ያጠበ ሰው ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ልቅሶው አለፈ፣ አርባው ወጣ። ልጅ አልወለድኩም ነበርና የሟች ሚስት ወደ አባቷ ቤት መመለሷ ነው። ሽማግሌዎች ሀብት ሊያካፍሉን ተቀመጡ፤ ቄሱም ነበሩበት። አባቴ የሰጠኝ በሬ የእኔ እንደሆነ ወዲያው ተስማሙ። ወይፈኑ ግን አከራከራቸው። የተገዛው በአማቼ ብር ነው፤ ያደገውና የተገራው ግን በእኔም ድካም ነው። ስለዚህ፣ አሉ፣ የተገዛበት ዋጋ ለባለቤቱ ይመለስና አሁን ካለው ዋጋ ላይ የተረፈው ለሁለት ይከፈል። ፍርዱ የአገሩ ፍርድ ነው፣ ትክክልም ነበር፤ ለእኔ ብለው ነው ያሰቡት። ጀርባዬ የተቆጠረልኝ ያን ዕለት ብቻ ነው። እኔ አልፈልግም አልኩ፤ አይሆንም፣ መብትሽ ነው አሉኝ።

ታላቁ ሽማግሌ ወደ አማቼ ዞሩ። አማቼ ግድግዳውን ተደግፈው በጥቁር ልብሳቸው ተቀምጠዋል፤ ሲቀመጡ ደግሞ ከአጭርነታቸውም አልፈው ጭራሽ የሌሉ ይመስላሉ።

«እንግዲህ እንጨርሰው። ወይፈኑን በስንት ገዙት?»

አማቼ ቀና ብለው ሁሉንም በየተራ አዩ። ቄሱን አዩ፣ ጎረቤቱን አዩ፣ እኔንም አዩኝ።

«በልጄ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ፤ ቄሱ በሩ ላይ ቆመው መስቀላቸውን ሊያሳልሟቸው ዘረጉ፣ አማቼ ግን አላዩም። ወይፈኑን ተውኩላቸው። የአባቴን በሬ ከአዲሱ ጓደኛው ፈትቼ እየነዳሁ ወጣሁ፤ ወይፈኑ እስከ አጥሩ ድረስ እየጮኸ ተከተለን። እሳቸው አርጅተዋል፣ አንድ ከብት ብቻ ይዘው ስለቀሩም አብሯቸው መቀናጆ የሚገባ ሰው አልተገኘም፤ ለእኩል አራሽ መስጠትም አልፈለጉም። በዚያ ክረምት መሬታቸው ጦም አደረ።